ማንም ያልገባባቸው ዋሻዎች

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሚያምር አረንጓዴ ካርታ ሠራሁ። ካርታው በገጠር ያሉ የውኃ ጉድጓዶችን ሁኔታ በየቀበሌው ያሳያል። የተበላሸ የእጅ ፓምፕ የበዛበት ቀበሌ ቀይ፣ ጥቂት ያለበት ቢጫ፣ ምንም የሌለበት አረንጓዴ ይሆናል። ዳታው የሚመጣው በሞተር ሳይክል እየዞሩ ስልካቸው ላይ ፎርም ከሚሞሉ ልጆች ነው። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ወደ ቀለም እቀይራለሁ። ስብሰባ ላይ ካርታው ሲታይ ሁሉም ሰው ደስ አለው፤ ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ነበራ!

ከሦስት ወር በኋላ ከልጆቹ አንዱ ለሥራ ቢሮ መጣና ስክሪኔን አየ። “ይሄ ቀበሌ እኮ እኛ ሄደን አናውቅም፤ መንገድ የለውም” አለኝ። ጣቱን ወደ ሌላ አረንጓዴ አዞረ፤ “ይሄም።” ከዚያ ወደ ሦስተኛው።

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ አንድ መስመር ኮድ። መረጃ ያልመጣበትን ቦታ ኮምፒውተሩ “ባዶ” ብሎ ይይዘዋል፤ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች “ነል” የምንለው ማለት ነው። ፕሮግራሙ ባዶ ሲያጋጥመው እንዳይቆምብኝ ብዬ ባዶውን በዜሮ ተክቼዋለሁ። ዜሮ የተበላሸ ፓምፕ ደግሞ አረንጓዴ ነው። መንገድ ስለሌለው ማንም ያልረገጠው ቀበሌ፣ በእኔ ካርታ ላይ አንድም ችግር የሌለበት ቀበሌ ሆኖ ሦስት ወር ቆየ። በእነዚያ ሦስት ወራት የጥገና መኪናው ወዴት ሲሄድ እንደነበር መገመት አያቅትም። ወደ ቀዩ ነዋ።

ኮዱን ማስተካከል አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ባዶን ከዜሮ ጋር የሚያምታታ ሌላ ማን አለ እያልኩ ማታ ማታ ሳነብ ያልጠበቅኩት ቦታ ደረስኩ፤ ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ። እነሱ ይሄንን የእኔን ስህተት ሲታገሉት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋይ የሚበላ ውኃ

ከመሠረቱ እንጀምር። ዝናብ ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ለስለስ ያለ አሲድ ይሆናል። ይሄ ውኃ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ስንጥቁ ቱቦ፣ ቱቦው ዋሻ ይሆናል። መሬት ላይ ሲፈስ የነበረ ወንዝ ድንገት ጉድጓድ ገብቶ ይጠፋል፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው መልክዓ ምድር “ካርስት” ይባላል። ስሙ የተወሰደው በስሎቬኒያና በጣልያን ድንበር፣ ከትሪየስቴ ከተማ ጀርባ ካለ አምባ ነው። ከዚያ አካባቢ ተነስቶ በክሮኤሺያ፣ በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ በሞንቴኔግሮ አልፎ እስከ አልባኒያ የሚዘረጋው ዲናሪክ ካርስት በዋሻ እንስሳት ብዛት በዓለም የታወቀ ነው።

እዚያ ጨለማ ውስጥ የቀሩ እንስሳት ከትውልድ ትውልድ ዓይናቸውንና ቀለማቸውን አጥተዋል። የብዙዎቹ እግርና አንቴና ረዝሟል። ምግብ ስለሚያጥር ኑሯቸው ዝግ ያለ ነው። ወጥተው ፀሐይ ላይ ተጉዘው ወደሚቀጥለው ተራራ መሻገር ስለማይችሉ፣ በአንድ ሸለቆ ወይም በአንድ ዋሻ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የእነሱ ካርታ ከአንበሳ ወይም ከዝሆን ካርታ ይለያል። አንዳንዱ ዝርያ መላው ዓለሙ አንዲት ነጥብ ናት። እሷ ከተነካች አለቀ።

ጎርፍ የተፋው ዘንዶ

በዚህ ካርታ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አንዷን ያስቀመጠው ጎርፍ ነው። በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ በያኔዋ ካርኒዮላ፣ ቨርኽኒካ ከተማ አጠገብ ሊንትቨርን የሚባል ምንጭ አለ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃው ገንፍሎ ሲወጣ አንዳንዴ ትንሽ የነጣ ፍጡር ይዞ ይወጣል። የአገሬው ሰው “ከምድር በታች ዘንዶ አለ፤ ይሄ ልጁ ነው” ይል ነበር። ቫልቫሶር የተባለ የካርኒዮላ ባላባት ወሬውን በ1689 ስለ አገሩ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ መዘገበው።

“የዘንዶው ልጅ” ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1768 ነው። ላውሬንቲ የተባለ ተፈጥሮ አጥኚ “ፕሮቴየስ አንጉዊነስ” ብሎ ሰየመው። ስሎቬኒያውያን ቆዳው የሰው ገላ ስለሚመስል “የሰው ዓሣ” ይሉታል። ዓሣ አይደለም፤ ሳላማንደር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል። እንቅስቃሴው ምን ያህል ዝግ እንደሆነ ለመረዳት ይሄን ስሙ፦ በሄርዞጎቪና ዋሻዎች ተደርጎ በ2020 በታተመ ጥናት፣ አንዱ ፕሮቴየስ ከ2,569 ቀናት በኋላ እዚያው የነበረበት ቦታ ተገኝቷል። ሰባት ዓመት ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ካርታው ላይ የተቀመጠችው ነጥብ እንስሳው የሚኖርባት አይደለችም። ጎርፍ የጣለባት፣ ሰው ደግሞ ቆሞ ያየባት ቦታ ናት። መኖሪያው ከምንጩ ጀርባ፣ የሰው ትከሻ በማያሳልፍ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ፋኖስ የደረሰበት

በ1818 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፖስቶይና የተባለውን ዋሻ ሊጎበኝ ዝግጅት ሲደረግ፣ ሉካ ቼች የሚባል የአካባቢው ሰው እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ሰፊ የውስጥ ክፍል አገኘ። በዓመቱ ዋሻው ለጎብኚ ተከፈተ። ቼች ዋሻው ውስጥ መብራት ከሚያበሩት ሠራተኞች አንዱ ነበር። በ1831 እዚያው አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ እንደ ጠብታ የተነፋ፣ ዓይን የሌለው ጢንዚዛ አገኘ። ለካውንት ሆኸንዋርት ሰጠው። ካውንቱ ደግሞ ለሉብሊያናው ነጋዴና ነፍሳት አጥኚ ለፈርዲናንድ ሽሚት አስተላለፈው። ሽሚት በ1832 “ሌፕቶዲረስ ሆኸንዋርቲ” ብሎ ለሳይንስ አስተዋወቀው። ክብሩ ለካውንቱ ሆነ፤ ፋኖስ ይዞ የገባው ሰውዬ ስም በጢንዚዛው ስም ውስጥ የለም። የመስክ ሥራ የሚሠሩ ልጆች ይሄን ታሪክ ሳይነግሯቸው ያውቁታል።

ብዙዎች የዋሻ ሕይወት ጥናትን ልደት ከዚህች ጢንዚዛ ይቆጥራሉ። ከዚያ በኋላ አጥኚውም ሰብሳቢውም ወደ ጨለማው ገባ። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉ ስለ ዓይነ ስውር የዋሻ እንስሳት ሲያነሳ ምሳሌ ያደረጋቸው የአውሮፓንና የአሜሪካዋን ኬንታኪን ዋሻዎች ነው። ሰው መብራት ይዞ የገባባቸውን ማለት ነው። ሌላ ምን ምሳሌ ነበረው?

ሥራውን ሥርዓት ካስያዙት ዋናው ሩማኒያዊው ኤሚል ራኮቪጻ ነው። ከ1897 እስከ 1899 በቤልጂካ መርከብ አንታርክቲካ ደርሶ የተመለሰ የእንስሳት አጥኚ ነበር። በ1904 በስፔን ማዮርካ ደሴት፣ ድራክ ዋሻ ውስጥ ዓይን የሌለው የሸርጣን ዘመድ አገኘና የቀረ ሥራውን ለዋሻ ሰጠ። በ1907 መስኩን እንደ አንድ ሳይንስ ያቆመ ጽሑፍ አሳተመ። በ1920 በክሉዥ ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን የዋሻ ጥናት ተቋም መሠረተ።

እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ራኮቪጻና ፈረንሳዊው ባልደረባው ረኔ ዣኔል ካገኟቸው እንስሳት ጎን ለጎን፣ የጎበኟቸውን ዋሻዎች ዝርዝር በተከታታይ ያትሙ ነበር። እኛ “ሎግ” የምንለው ዓይነት ነገር። ያገኘኸውን ብቻ ከጻፍክ፣ የተቀረው ዓለም ባዶ ይሁን ዜሮ የሚያውቅ የለም። የገባህበትን ሁሉ ከጻፍክ ግን፣ ገብተህ ያጣህበት ዋሻ ጭራሽ ካልገባህበት ዋሻ ይለያል። የእኔ ካርታ የጎደለው ይሄ ነበር። አንድ ተጨማሪ ኮለም፤ “ሄደናል ወይ?” የሚል።

ቀዩ ቦታ እውነት ቀይ ነው?

በ2000 አሜሪካዊው ዴቪድ ከልቨርና ስሎቬኒያዊው ቦሪስ ስኬት አንድ የታወቀ ቆጠራ አሳተሙ። ከከርሰ ምድር ውጪ የማይኖሩ 20 እና ከዚያ በላይ ዝርያዎች የተመዘገቡባቸውን ቦታዎች ከዓለም ዙሪያ ሲሰበስቡ 18 ዋሻዎችና 2 የካርስት ጉድጓዶች አገኙ። ከዋሻዎቹ ስድስቱ ዲናሪክ ካርስት ውስጥ ናቸው። አንደኛ የወጣው የፖስቶይናና ፕላኒና የዋሻ ሥርዓት ነው፤ 84 ዝርያዎች።

ወዲያው የመጣብኝ ጥያቄ፦ ከ1831 ጀምሮ ሲፈተሽ የኖረ ዋሻ አንደኛ ቢወጣ ምን ይገርማል? ጥያቄው ለእነሱም አዲስ አልነበረም። ማያ ዛግማይስተር ከሁለቱ ጋር ሆና በ2008 ባሳተመችው ጥናት የዲናሪክን የዋሻ ጢንዚዛዎች ካርታ በካሬ ከፋፍለው፣ የካሬው ስፋትና የፍተሻው ብዛት ሥዕሉን ምን ያህል እንደሚቀይረው መረመሩ። እኔ የወሰድኩት ትምህርት ሁለት ጎን አለው። ዲናሪክ ሀብታም የሆነው ስለተፈተሸ ብቻ አይደለም፤ የድንጋዩ ስፋት፣ የውኃው ብዛትና የረጅም ዘመን ታሪኩ ያመጡት እውነተኛ ሀብት አለው። ግን ደግሞ ቁጥሩ የፍተሻውን ዱካ ይከተላል። ሁለቱን ሳትለያይ ካርታውን ብታነብ የምታየው የእንስሳትና የሰዎች ጉዞ ድብልቅ ነው።

የተፈተሸውም ቢሆን አላለቀም። በ1986 በደቡብ ምሥራቅ ስሎቬኒያ፣ ዶብሊቺትሳ በሚባል ምንጭ ውኃ በፓምፕ ሲሳብ ጥቁር ፕሮቴየስ ወጣ። ጥቁር፣ ዓይን ያለው! ነጩ ስም ካገኘ 218 ዓመት አልፎት ነበር። ስኬትና አርንትዘን በ1994 ንዑስ ዝርያ ብለው ገለጹት። በ2009 ደግሞ ትሮንቴልዪና ባልደረቦቹ የከርሰ ምድር ውኃ እንስሳትን በዲኤንኤ ሲፈትሹ፣ ሰፊ አገር ይሸፍናሉ ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ተመሳስለው የኖሩ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ዝርያ እጅግ ብርቅ ነው። ካርታ ላይ አንድ ትልቅ ክብ የነበረው ወደ ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ተሰባበረ ማለት ነው።

የእኛ ረድፍ

ይሄን ሁሉ ሳነብ የራሴን ትንሽ ሰንጠረዥ እሞላ ነበር፤ ቦታ፣ ዝርያ፣ ዓመት፣ ማን አገኘው። ቀስ በቀስ ወደ እኛ ቀጠና ወረድኩ።

ሶማሊያ ላይ ነጥቦች አሉ። በጣልያን ቅኝ ግዛት ዘመን ከጨለማ ውኃ የወጡ ሦስት ዓሣዎች ተከታትለው ለሳይንስ ተገልጸዋል፤ ዩዌጊትግላኒስ በ1923፣ ፍሬያቲክቲስ በ1924፣ ባርቦፕሲስ በ1926። ፍሬያቲክቲስ ዓይን የለውም። በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሰውነቱ ሰዓት በብርሃን መመራት ትቷል፤ አንዱ ዙሩ 47 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እነዚህ ዓሣዎች የታወቁት በዋናነት ሰው ውኃ ከሚቀዳባቸው ጉድጓዶችና ምንጮች ነው። ሰው ውኃ ፍለጋ ባይቆፍር ኖሮ እነዚያ ነጥቦች ካርታው ላይ አይኖሩም ነበር። የዓሣው ካርታ ከሥሩ የጉድጓድ ካርታ ነው፤ እኔ ቢሮ የምሠራው ዓይነት።

የኖራ ድንጋዩ ደግሞ ድንበር ላይ አይቆምም። በባሌ፣ የዌብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች የለኩት ዋሻ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ እዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ከነበሩት ከሼክ ሶፍ ዑመር የመጣ ነው፤ ቦታው እስከ ዛሬ የተከበረ ነው። ወንዙ ወደ ታች ወርዶ ከገናሌ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጁባ፣ ወደ ሶማሊያ ይሄዳል። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ግን ለሶፍ ዑመር የተዘጋጀው ረድፍ ባዶ ነበር።

ባለፈው ጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄድን። ያስጎበኙን ሰው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ዋሻው አፍ ላይ የድንጋዩ ዓምዶች ትልቅ አዳራሽ ያስመስሉታል። ወደ ውስጥ ሲገባ የሌሊት ወፍ ድምፅ ይሰማል። ግንባሬ ላይ ባሰርኩት መብራት ዳር ዳሩን፣ የቆመውን ውኃ ሁሉ እያጎነበስኩ አየሁ። ምንም የለም።

“ጋሼ፣ ውኃው ውስጥ ነጭ ነገር፣ ዓይን የሌለው ምናምን አይተው ያውቃሉ?” ስል ጠየቅኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። “እኛ የምንገባው ውኃው ሲጎድል ነው” አሉኝ። “ሲሞላ ማን ይገባል ልጄ?”

ሊንትቨርን ትዝ አለኝ። እዚያ ዘንዶውን ያወጣው የሞላው ውኃ ነው። እኔ የመጣሁት በበጋ ነው፤ ቱሪስቱ፣ ለኪው፣ ካሜራ የያዘው ሁሉ የሚመጣው በበጋ ነው። ስለዚህ ስለዚያ ዋሻ ያለን እውቀት የዓመቱ ግማሽ እውቀት ነው። ባዶ ከዜሮ የሚለየው በቦታ ብቻ ሳይሆን በወቅትም እንደሆነ እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ።

ምን አገባን?

“ዓይን የሌለው ጢንዚዛ የት እንዳለ ባይታወቅስ?” የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ለእሱ ሁልጊዜ የምነግረው የፖፖቮ ሜዳን ታሪክ ነው። በሄርዞጎቪና የትሬቢሽኒትሳ ወንዝ መሬት ውስጥ እየገባ የሚሰወር፣ በዓመቱ ይሄንን ሜዳ እያጥለቀለቀ ከርሰ ምድሩን የሚመግብ ወንዝ ነበር። ለኤሌክትሪክ ተብሎ ተገደበ፤ በሜዳው የሚያልፈው ክፍል በኮንክሪት ተለበጠ። እዚያ አካባቢ ጨለማ ውስጥ የሚኖር ኮንጌሪያ የሚባል ዛጎላም እንስሳ አለ። በዓለም ላይ ዋሻ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ የሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳት ከእሱና ከቅርብ ዘመዶቹ ውጪ የሉም ማለት ይቻላል። ዛሬ ከጥንት መኖሪያዎቹ በብዙዎቹ የሚገኘው የሞተ ዛጎል ብቻ ነው። ግድብ፣ የኖራ ድንጋይ ካባ ወይም መንገድ ሲታቀድ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ካርታ ነው። “እዚህ ምን አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ ባዶው “ምንም” ተብሎ ይነበባል። ለቀበሌዎቹ የሆነው ይሄው ነው።

በሌላ በኩል ነጥብ ማስቀመጥ ራሱ አደጋ አለው። በስሎቬኒያ ዋሻዎች የሚኖር አንድ ቡናማ ጢንዚዛ በ1937 በሂትለር ስም “አኖፍታልመስ ሂትለሪ” ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ብቻ ከናዚ ዘመን ጋር የተያያዘ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችን ጠርቶ ጢንዚዛውን ለአደጋ አጋልጦታል። ቦታው በትክክል የታወቀ ብርቅ እንስሳ በኪስ ተይዞ ሊወጣ ይችላል። ካርታው የማያውቀውም የሚያውቀውም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ የካርታ ሠሪው ሥራ የት እንደሄደ በግልጽ መጻፍ፣ ያገኘውን ትክክለኛ ቦታ ደግሞ በጥንቃቄ መያዝ ነው።

ደስ የሚለው፣ ሳይነኩ ማየት እየተቻለ ነው። እንስሳ በሚኖርበት ውኃ ውስጥ የዲኤንኤው ርዝራዥ ይቀራል። ጎሪችኪና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከምንጮች የቀዱትን ውኃ መርምረው ፕሮቴየስ ታይቶባቸው በማያውቁ ቦታዎች የፕሮቴየስን ዱካ አገኙ። አንድም እንስሳ አልተያዘም። ዘንዶው እስኪወጣ መጠበቅ ቀረ፤ ምንጩ ራሱ ይናገራል።

ቢሮ ተመልሼ ካርታዬ ላይ አራተኛ ቀለም ጨመርኩ፤ ግራጫ፣ “አልተሄደም”። ስብሰባ ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ “ለምንድነው እንዲህ ያስጠላው?” የሚል ነበር። አረንጓዴው በጣም ቀንሶ ነበር። ስህተቱን ከነምክንያቱ ተናገርኩ፤ ቀላል አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ሁለት ልጆች ሞተር ሳይክላቸውን መንገዱ የሚያልቅበት ላይ አቁመው በእግራቸው ወደ አንዱ ግራጫ ቀበሌ ገቡ። ማታ ፎርሙ ሲደርሰኝ ቀበሌው ቀይ ሆነ። ካሉት ፓምፖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆዩ ፎርሙ አይጠይቅም። በእኔ ካርታ ግን ሦስት ወሩን አረንጓዴ ነበሩ።

የዋሻዎቹን ሰንጠረዥም ከፈትኩ። የሶፍ ዑመር ረድፍ ላይ ዜሮ አልጻፍኩም፤ ባዶም አልተውኩትም። “ጥር፣ በጋ፣ ውኃው ጎድሎ፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ በአንድ የግንባር መብራት። አላየሁም።” አልኩና ሴቭ አደረግኩት።